ሁለት ሥርዓት፣ አንድ አዳራሽ፤ በአዲስ አበባ ዳር ያለች የካቶሊክ ቁምስና ጠባቂዋን እንዴት መረጠች

ጸሎት ቤቷ የምትገኘው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የጤፍ ማሳ በሚጀምርበት አካባቢ ነው። የራሷ ሕንፃ የላትም። የተከራየችው አዳራሽ ከሰኞ እስከ ዓርብ አጸደ ሕፃናት ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት የልጆቹ ወንበሮች ግድግዳ ሥር ይደረደሩና አግዳሚዎች ይገባሉ፤ እሑድ ጠዋት ይቀደስበታል። እዚህ የምተርከው ይህች ጸሎት ቤት ወደ ቁምስና፣ ማለትም ራሷን ወደ ቻለች ደብር፣ ልታድግ ስትዘጋጅ «ጠባቂ ቅዱሳችን ማን ይሁን?» በሚል የተነሳውን ክርክርና የደረሰበትን ነው። ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተጠርቼ ስለነበር አብዛኛውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የመሬት ጥያቄው ገና ስላልተቋጨና ተናጋሪዎቹ በየብሎካቸው ስለሚታወቁ የሰፈሩንም የሰዎቹንም ስም ትቻለሁ።

ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ጉዳይ ነው። የቅዱስ ስም ይመረጣል፣ ሥዕል ይሰቀላል፣ ዓመታዊ በዓሉ ይከበራል። እኔም እንዲያ መስሎኝ ነበር የሄድኩት። የመጀመሪያው ስብሰባ ግን ስም ሳይጠራበት፣ ሕፃናት መቼ ሜሮን ይቀቡ በሚል ንትርክ መሸ።

ነገሩ የሚገባው ሰዎቹ ከየት እንደመጡ ለሚያውቅ ነው። የ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ካቶሊኮችን ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ አድርጎ መዝግቧል። ይህን ያህል ትንሽ ማኅበረሰብ በከተማ ውስጥ ለመኖር አንድ ዘዴ ነበረው፤ ቤተ ክርስቲያኑን ተጠግቶ መኖር። የኮንዶሚኒየም እጣ ይህን በተነው። እጣ የወጣለት ቤቱ በደረሰው ቦታ ይገባል፤ ጎረቤቱን አይመርጥም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም ይዞ አይሄድም። እናም በአንድ ሳይት ውስጥ የኢሮብ ልጅ፣ የእምድብር ጉራጌ፣ የወላይታና የከምባታ ሰው፣ ከኤርትራ አክሩር የመጣ ስደተኛ በተለያየ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ቆይተው፣ አንድ ቀን ቤት ውስጥ መቁጠሪያ ሲደገም በመስማት ወይም አንገት ላይ በታየ ሜዳሊያ ተዋወቁ። ቅዳሴ ለመስማት መሀል ከተማ መውረድ ሁለት ታክሲ መለወጥ ይጠይቃል፤ ልጅ ለያዘ ሰው የእሑድ ጠዋት እዚያው ያልቃል። በየቤቱ የተጀመረው የመቁጠሪያ ጸሎት ወደ አዳራሽ ኪራይ ያደገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁሉም ካቶሊክ ናቸው፤ ግን ሁሉም የአንድ ሥርዓት አይደሉም። ከትግራይና ከእምድብር የመጡት በግዕዝ ሥርዓት ያደጉ ናቸው፤ ቅዳሴያቸው ከኦርቶዶክሱ ጋር ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው። ከሶዶና ከሆሳዕና አካባቢ የመጡት ደግሞ የላቲን ሥርዓት ልጆች ናቸው፤ ቅዳሴው አጭር፣ መዝሙሩ ሌላ፣ የምሥጢራቱም ቅደም ተከተል ሌላ። የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳሳት ሀገረ ስብከት የግዕዝ ሥርዓት መንበር ስለሆነ ቁምስናዋ በየትኛው ሥርዓት እንደምትመሠረት ያከራክር አልነበረም። ያከራከረው ሌላው ወገን እንግዳ ሆኖ ይቀራል ወይ የሚለው ነው።

የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ነው። ቁምስናን በቀኖና 279 ሲተረጉም በሀገረ ስብከት ውስጥ በቋሚነት የተመሠረተ፣ እረኝነቱ ለአንድ ቆሞስ (የቁምስና ኃላፊ ካህን) የተሰጠ የምእመናን ማኅበር ይለዋል። ሕንፃ የሚል ቃል ትርጉሙ ውስጥ የለም። ካህኑ ይህን አንቀጽ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሲያነቡ አዳራሹ ውስጥ የእፎይታ ሳቅ ተሰማ፤ ሕንፃ የሌላቸው ሰዎች ናቸውና። ሳቁ ግን አልቆየም። «ማኅበር» ከተባለ ማኅበሩ ማን ነው?

ከቀረቡት ስሞች ድንግል ማርያም ቶሎ አለፈች፤ ማንም ስላልወደዳት ሳይሆን በስሟ የሚጠሩት ብዙ ስለሆኑ። ከደቡብ የመጡት የአሲሲውን ፍራንቸስኮስ አቀረቡ። ያሳደጓቸው ካፑቺን የሚባሉት መነኮሳት የእርሱ ልጆች ናቸው። የኢሮብና የአዲግራት ሰዎች ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስን፣ ማለትም አያቶቻቸው አቡነ ያዕቆብ የሚሉትን ጠሩ። ወጣቶቹ ሁለቱንም አልተቀበሉም። «ኢትዮጵያዊ እያለን ለምን ጣሊያናዊ?» አሉና ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን አመጡ። እውነት ለመናገር የወጣቶቹ ሐሳብ ልቤን ወስዶት ነበር።

ገብረ ሚካኤል የጎጃም ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1791 አካባቢ ዲቦ በምትባል መንደር ተወለደ፣ በመርጡለ ማርያም መነኮሰ። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ዓይናማ ነበር። በዚያ ዘመን ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ተነሥቶ የአገሩን ሊቃውንት የከፈለው የቅባት፣ የጸጋና የተዋሕዶ ክርክር ዕረፍት የነሳው ሰው ነው፤ መልስ ፍለጋ ከገዳም ገዳም፣ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ዞሯል። የካቶሊክ እምነትን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1844፣ ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ቅስና የተቀበለው በ1851፤ በእስር ሞቶ የተቀበረው በ1855። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ብፅዕናውን፣ ማለትም ከቅድስና በፊት ያለውን ማዕረግ፣ ያወጁት በ1926 ነው። የኮንዶሚኒየም ወጣት ይህን ታሪክ ሲሰማ ቢማረክ አይገርምም። የሰማዕትነቱን ታሪክ ወደ ጎን ብንተወው እንኳ፣ ለጥያቄው መልስ እስኪያገኝ ያልተቀመጠ ሰው ነው።

የወጣቶቹን ሐሳብ ያቆመው ግን ሌላ ነገር ነው። ገብረ ሚካኤል ብፁዕ እንጂ ገና ቅዱስ አልተባለም፤ አንድን ቤተ ክርስቲያን በብፁዕ ስም ለመሰየም ከሮም ፈቃድ መጠየቅ ሊያስፈልግ ነው። ካህኑ ይህን ሲያስረዱ አንዱ ወጣት፣ «አባ፣ የመሬቱን ፋይል ከክፍለ ከተማ ማስጨረስ አቅቶን የሮምን ፋይል እንክፈት?» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ ሐሳቡም በዚሁ ቀለለ።

ቀሩ ፍራንቸስኮስና ያቆቢስ፤ ማለትም ደቡብና ሰሜን። ክርክሩ ወደማይሆን አቅጣጫ ሊሄድ ሲል አንዲት አዛውንት እናት ተነሡ። በኢሮብ፣ አሊቴና ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ሁሉም እማማ ይሏቸዋል። «የእኔን አባት ስም ስለጠራችሁ አይደለም የምናገረው» ብለው ጀመሩና ስለ አቡነ ያዕቆብ ከሰሙት እየቀነጨቡ አወሩ። ንግግራቸውን በቃለ ጉባኤው አጠር አድርጌ ነበር የጻፍኩት፤ እዚህ ላይ ግን ሰፋ ማለት ይገባዋል፤ ውሳኔው የመጣው ከዚያ ነውና።

ያቆቢስ በደቡብ ጣሊያን ሳን ፌሌ በምትባል ተራራማ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1800 ተወለደ። የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ልጆች ወደሚባለው የላዛሪስት ማኅበር ገብቶ በ1824 ካህን ሆነ። በ1836 ኮሌራ ኔፕልስን ሲያጠቃ ከበሽተኞቹ ጋር ቀረ። በ1839 የአቢሲኒያ ተልዕኮ ኃላፊ ተብሎ ምጽዋ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ዓድዋ ወጣ።

የመጣበት ጊዜ ለካቶሊክ ሚስዮናዊ የተመቸ አልነበረም። ከእርሱ ሁለት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ አጼ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው ሳለ፣ በ1620ዎቹ አጋማሽ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ የአገሩን ካህናት ዳግም ክህነት፣ ሕዝቡን ዳግም ጥምቀት፣ ቅዳሴውን የላቲን ወግ እንዲቀበል አስገድዷል። ውጤቱ የወንድማማቾች ደም ነበር። ሱስንዮስ ራሳቸው በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መለሱ፤ ልጃቸው ፋሲለደስ ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን አባረሩ። ይህ ትዝታ በያቆቢስ ጊዜ አልጠፋም ነበር። ዛሬስ ጠፍቷል? በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ «ካቶሊክ ነን» ሲባል አንዳንድ የሚያነቡ ጎረቤቶች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሱስንዮስ ነው። ይህን ጥያቄ መናቅ አይገባም፤ ሰው የሞተበት ነገር ነው።

ያቆቢስ የመረጠው መንገድ የሜንዴስ ተቃራኒ ነው። አማርኛ፣ ትግርኛና ግዕዝ ተማረ። እንደ አገሩ መነኩሴ ለበሰ፣ እንደ አገሩ ሰው በላ፣ በእግሩ ሄደ። በጥር 1840 ዓድዋ ላይ ለጥቂት አድማጮች ባደረገው የመጀመሪያ ንግግር የልብ በር አፍ ነው፣ ቁልፉም ቃል ነው፤ አፌን ስከፍት የልቤን በር እከፍትላችኋለሁ፣ ስናገር ቁልፉን እሰጣችኋለሁ አለ። እማማ ይህን በትግርኛ ነበር ያሉት፤ የአዲግራት ልጅ የሆነ አንድ ሾፌር ተረጎመው። አክለውም፣ «ቁልፉን ሰጠ አሉ እንጂ የእኛን በር ሰበረ አላሉም» አሉ።

ነገሩ በንግግር አላበቃም። የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ለአገሪቱ ጳጳስ የሚጠይቅ መልእክተኛ ወደ ግብጽ ሲልኩ ያቆቢስ አብሮ እንዲሄድ ለመኑት። ነገሩን አስቡት፤ ካቶሊኩ ካህን ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ጳጳስ የሚያመጣ ልዑክ ይዞ ይሄዳል! ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1841 ካይሮ ደረሱ፤ ወጣቱ አቡነ ሰላማ ተሾሙ። ያቆቢስ ከመልእክተኞቹ የፈቀዱትን ይዞ ወደ ሮም፣ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ። ከተጓዦቹ አንዱ ያ ጠያቂው መነኩሴ ገብረ ሚካኤል ነበር። ሁለቱ የተዋወቁት በዚህ መንገድ ነው እንጂ በስብከት አይደለም።

ከዚያ በኋላ በአዲግራት አጠገብ ጓላ ላይ ዘርዓ ክህነት ከፈተ፤ ሥራው ኋላ ወደ አሊቴና ዞረ። ዓላማው የአገሩ ካህናት በአገሩ ሥርዓት እንዲቀድሱ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በግዕዝ ሥርዓት የሚቀድስ የካቶሊክ ካህን ሥሩን ሲቆጥር እዚያ ይደርሳል። የቫቲካን ሁለተኛው ጉባኤ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሥርዓታቸውን እንዲጠብቁ እ.ኤ.አ. በ1964 በይፋ ከማወጁ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው ይህን ያደረገው።

እስከዚህ ድረስ የሰሜኑ ወገን ደስ ብሎታል። የሶዶ ተወላጅ የሆነ የሒሳብ መምህር ግን እጁን አነሣ። «ጥሩ ነው። ግን ይህ ሁሉ የእናንተ ታሪክ ነው። እኔ በግዕዝ ሥርዓት ጸሎት ቤት ውስጥ እንዴት ባለቤት እሆናለሁ?»

መልሱን የሰጡት ካህኑ ናቸው፤ ክርክሩም የዞረው እዚህ ላይ ነው። ያቆቢስን ጳጳስ አድርጎ የቀባው ማን ነው? ጉልዬልሞ ማስያስ ነው፤ ካፑቺኑ፣ ሰዉ አቡነ መስያስ የሚለው። ማስያስ እ.ኤ.አ. በ1846 ለተመሠረተው የኦሮሞ ሐዋርያዊ ቪካሪያት (ገና ሀገረ ስብከት ላልሆነ የተልዕኮ ግዛት) የተሾመ ጳጳስ ነበር። የላቲኑን ሥርዓት ወደ ደቡብ ይዞ የዘለቀው ተልዕኮ አባት እርሱ ነው፤ ኋላ ወላይታና ከምባታ የገቡት ካፑቺኖችም የእርሱ ማኅበር ልጆች ናቸው። በጥር 1849 ምጽዋ ላይ፣ ሁለቱም በስደት ላይ ሳሉ፣ በሌሊት፣ በተዘጋ በር ውስጥ ማስያስ በያቆቢስ ላይ እጁን ጫነ። ያቆቢስ «አይገባኝም» እያለ ሹመቱን ለረጅም ጊዜ ሲሸሽ ነበር። እንግዲህ በግዕዝ ሥርዓት የተሾሙት የሰሜን ካህናት፣ ገብረ ሚካኤልም ጭምር፣ ክህነታቸው በላቲኑ ካፑቺን እጅ በኩል ያለፈ ነው።

መምህሩ ዝም አለ። ከዚያ፣ «እንግዲያው የእኛም አባት እዚያ ክፍል ውስጥ ነበር» አለ። ስብሰባው ያን ዕለት ድምፅ አልሰጠም፤ በሚቀጥለው ሲሰጥ ግን ያቆቢስ ያለ ተቃውሞ አለፈ፤ የአጸደ ሕፃናቱ አዳራሽ በገብረ ሚካኤል ስም እንዲጠራ ተስማሙ። የአዳራሽ ስያሜ የሮምን ፈቃድ አይጠይቅም።

እኔ በዚህ ጉዳይ ያየሁት ይህ ነው፤ ቅዱሱ የተመረጠው በተአምሩ ወይም በዝናው አይደለም፤ የሰፈሩን ጥያቄ በሕይወቱ ስለመለሰ ነው። ፍራንቸስኮስ ለዓለም ሁሉ ታላቅ ነው፤ በዚህ ደረጃ ላይ ለሚወጡና ለሚወርዱ ሁለት ወገኖች ግን የ1849ኟ ሌሊት ይበልጥ ትቀርባቸዋለች።

ስም መምረጥ ግን የሜሮኑን ነገር አልፈታም። በግዕዝ ሥርዓት ሕፃኑ ሲጠመቅ ወዲያው ሜሮን ይቀባል፤ ሕገ ቀኖናውም ሁለቱ አብረው እንዲሰጡ ያዛል። የላቲኑ ልማድ ደግሞ ልጁ አድጎ፣ ተምሮ፣ በጳጳስ እጅ እንዲቀበል ነው። አንዲት የወላይታ እናት ልጇን ልታስጠምቅ መጥታ፣ «አባ፣ ሜሮኑን አሁን ከወሰደ ሲያድግ ምን ይቀረዋል? እኔ ነጭ ልብስ ለብሼ ጳጳሱ ፊት የቆምኩበትን ቀን እስካሁን አስታውሳለሁ» አለች። ይህ ከሥርዓት መጽሐፍ የሚወጣ መልስ የለውም።

ቆሞሱ ያደረጉት መዝገቡን ማስተካከል ነው። በቀኖና 29 መሠረት ከ14 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሲጠመቅ በአባቱ ቤተ ክርስቲያን ይቆጠራል፤ ካቶሊኳ እናት ብቻ ከሆነች ወይም ሁለቱ ወላጆች በፈቃዳቸው ከተስማሙ በእናቱ። በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ለዓመታት መቀደስና መቁረብ ሰውን ከሥርዓቱ አያወጣውም፤ ለመዛወር በመሠረቱ የሮም ቅድስት መንበር ስምምነት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የደቡብ ቤተሰቦች «እዚህ ካስጠመቅን ልጃችን ግዕዝ ሆነ» ብለው ይፈሩ ነበር። ስለዚህ በጥምቀት መዝገቡ ላይ የአባትና የእናት ሥርዓት የሚጻፍበት ዓምድ ተጨመረ። የላቲን ሥርዓት ልጅ የሆነው ሕፃን ተጠምቆ ሜሮኑ ለዕድሜው ይቆየዋል፤ ደብዳቤም ለወላጆቹ ሀገረ ስብከት ይጻፋል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የኤርትራ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሷን የቻለች ስለሆነች ከአክሩር የመጡትም የራሳቸው መስመር አላቸው። የጽሕፈት ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የደቡብ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ለማስጠመቅ ወደ አገር ቤት መሄድ ቀነሱ።

ከሁሉ የከበደው ክርክር የመጣው ግን ከምርጫው በኋላ፣ ለመጀመሪያው በዓል የምትታደል አንዲት ትንሽ በራሪ ወረቀት ስትዘጋጅ ነው። የያቆቢስ መታሰቢያ ሐምሌ ውስጥ ይውላል፤ ጭቃው ጉልበት በሚደርስበት ወር። እንግዶች ይጠራሉ፤ ጎረቤት ሁሉ ይመጣል፣ አብዛኛውም ኦርቶዶክስ ነው። ታሪኩ ደግሞ ያለ እስር አይተረክም። እ.ኤ.አ. በ1854 ያቆቢስ ጎንደር ላይ ታሰረ፤ ያሳሰሩት አቡነ ሰላማ ናቸው፣ እርሳቸውን ለማምጣት እርሱ ራሱ ከመልእክተኞቹ ጋር እስከ ካይሮ የሄደላቸው። ደጃዝማች ካሳ፣ ኋላ አጼ ቴዎድሮስ፣ ያቆቢስን ከአገር አስወጡት። ገብረ ሚካኤል በሰንሰለት ታስሮ ከሠራዊቱ ጋር ተጎተተ፣ ተገረፈ፤ ሞት ተፈርዶበት በእንግሊዙ ቆንስል በፕላውደን ልመና ወደ ዕድሜ ልክ እስር ተለወጠለት፤ በ1855 ግን በእስር እንዳለ ሞተ።

«ይህን ጽፈን ለእትዬ እንዴት እንሰጣቸዋለን?» አለች አንዷ የኮሚቴ አባል። እትዬ የአንደኛው ብሎክ እድር ሰብሳቢ ናቸው፤ አዳራሹ ሲከፈት ወንበር ያዋሱ፣ የልጆቹን ጠበል ጻድቅ በመሶብ የሚልኩ፣ ፍልሰታን ጠንቅቀው የሚጾሙ ሴት። ሌላው ደግሞ፣ «ካልጻፍነው ዋሸን» አለ። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ወረቀቷ በመጨረሻ እስሩን ጽፋለች፤ አላለሳለሰችውም። ግን ከዚያ በፊት የሜንዴስን ግፍ ጽፋለች፤ ውቤ ካቶሊኩን ካህን አምነው መላካቸውንም፣ ፕሮቴስታንቱ ቆንስል ለካቶሊኩ እስረኛ መለመኑንም። ያቆቢስ ተመልሶ ወደ ሰሜን መጥቶ በ1860 ከምጽዋ ወደ ሃላይ ሲወጣ በበረሃው መንገድ ላይ መሞቱን፣ ሄቦ መቀበሩን፣ ጳውሎስ 6ኛ በ1975 ቅዱስ ብለው ማወጃቸውን ይዛ ታበቃለች። እትዬ ካነበቡ በኋላ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ «ሁላችንም ጋ አለ እንዲህ ያለ ሥራ።» ዳቦውን ቆርሰው ወጡ። እኔ በግሌ ከወረቀቷ አንድ ነገር ባስቀር ኖሮ ውስጧ ደጋግማ የምትመጣዋን «ሰማዕት» የሚለውን ማዕረግ ነው፤ ታሪኩ ራሱ ይናገር ነበር።

ስለ ተልዕኮው ደግሞ። ቁምስናዋ ብዙ ገንዘብ ባታገኝም ጥቂት ስትሰበስብ ሁለት ሐሳብ ቀረበ፤ ለሕንፃው ማስቀመጥ ወይም አጸደ ሕፃናቱን ማስፋት። ሰፈሩ አዲስ ነው፤ እናቶች ጎህ ሳይቀድ ወደ ከተማ ለሥራ ይወርዳሉ፣ ልጅ የሚተውበት የለም። ከተማው ውስጥ «ካቶሊክ» ሲባል ብዙ ሰው ከሃይማኖቱ በፊት ትምህርት ቤቱን ያስታውሳል፤ ይህ ስም የተገኘው በብዙ ዓመት ሥራ ነው። አጸደ ሕፃናቱ አሸነፈ። እዚህ ላይ ማስያስ እንደገና ተጠራ። ማስያስ እ.ኤ.አ. በ1868 ሸዋ ደርሶ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ዓመታት የቆየ ሰው ነው፤ ፊንፊኔ ላይ ተልዕኮ አቋቁሞ ነበር። ሕዝቡ የሚያስታውሰው ግን በይበልጥ ፈንጣጣ በመከተቡ ነው። በ1879 በአጼ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር እስኪወጣ ድረስ ክትባቱን አልተወም። «እርሱ መርፌ ይዞ ገባ፣ እኛ እርሳስ ይዘን እንገባለን» አለ የሒሳብ መምህሩ።

አጸደ ሕፃናቱ ውስጥ ግን ሌላ ጥያቄ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ኮንዶሚኒየሞቹ የተሠሩት የኦሮሞ ገበሬዎች ሲያርሱት በነበረ መሬት ላይ ነው። በከተማዋ ጠርዝ ይህ ምን ያህል ቁስል እንደሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. የቆዬ ፈጬ ቤቶች እጣ ሲወጣ የተነሣው ተቃውሞ አሳይቷል። ገበሬዎቹ ሙሉ በሙሉ አልሄዱም፤ ከብሎኮቹ ጀርባ በሳርና በቆርቆሮ ቤቶች ይኖራሉ፤ ወንዶቹ ዘበኛ ወይም ቀን ሠራተኛ፣ ሴቶቹ ወተት ሻጭ ሆነዋል። የመጀመሪያው ዓመት ከእነርሱ አንድም ልጅ አልተመዘገበም። ክፍያው ከባድ ነው፤ ማስታወቂያውም በአማርኛ ብቻ ነበር። ይህን ለኮሚቴው የነገረችው ወተት የምታመጣላቸው ሴት ናት፤ ማንም ስላልጠየቃት እስካሁን እንዳልተናገረች ጨምራ።

በሚቀጥለው ምዝገባ ማስታወቂያው በሁለቱም ቋንቋ ተለጠፈ፣ አፋን ኦሮሞ የምትናገር መምህርት ተቀጠረች፣ ለአካባቢው ገበሬ ልጆች የክፍያ ቅናሽ ተደረገ። ማስያስ እ.ኤ.አ. በ1867 ፓሪስ ላይ ያሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ አማርኛንና ኦሮምኛን አንድ ላይ የያዘ ነው፤ ለሚመጡት ሚስዮናውያን ሁለቱንም ያስተምራል። ቁምስናዋ ለዚህ መዘግየቷን የሚከላከል ሰው በስብሰባው አልነበረም። ቅናሹ ግን የማያልቅ ክርክር ይዞ መጣ። የብሎኩ ነዋሪ ምእመናን አንዳንዶቹ ራሳቸው ኪራይ ከፋይ ናቸው፤ «እኛስ?» ይላሉ። አሁን ቅናሹ በገቢ ይሁን በመኖሪያ የሚለው እየታየ ነው፤ እኔ በገቢ ይሁን ባይ ነኝ፣ ቆሞሱ ግን አይስማሙም። መሬቱን ያጣው ሰው ገቢው ዛሬ ቢሻልም ያጣው አልተመለሰለትም ይላሉ።

ያልተፈታው ሁለት ነው። አንዱ መቃብር። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ ቀብሩ ግን መሀል ከተማ ድረስ ይሄዳል፤ ኦርቶዶክሱ ጎረቤት እዚሁ ደብር ሲቀብር ካቶሊኩ ሦስት አውቶቡስ ይከራያል። ከደቡብ የመጡት አስከሬን ወደ አገር ቤት ይልካሉ፤ ለዚህ የሚያዋጣ ማኅበር መሥርተዋል፣ የሰሜኖቹም በቅርቡ ገብተውበታል።

ሌላው ቦታው ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለሃይማኖት ተቋማት የአምልኮ ቦታ ያለ ጨረታ በምደባ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ፈቀደ ማለት ግን ተሰጠ ማለት አይደለም። በሰፈሩ ፕላን ላይ ለአምልኮ የተከለሉት ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ጠያቂው ብዙ ነው፤ የጠያቂው ቁጥርም ይታያል። ጥያቄው በሀገረ ስብከቱ ስም ገብቷል፤ ከአጸደ ሕፃናቱ የተመዘገቡት ልጆች ዝርዝር አባሪ ተደርጓል፣ ሃይማኖታቸው ሳይጻፍ። ኮሚቴው ይህን ያደረገው ሆን ብሎ ነው፤ ከልጆቹ አብዛኞቹ ካቶሊክ አይደሉም። የአዳራሹ ኪራይ ውል ለአንድ ዓመት ታድሷል፤ አከራዩ በአዲሱ ውል ላይ ከበሮ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት እንዳይመታ የሚል አንቀጽ አስገብቷል፣ ኮሚቴውም ፈርሟል።